የሦስት ወሩ መርፌ ከፋይ ማን ነው?

ነጋዴ «ነጻ ነው» የተባለ ዕቃ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ከፋዩ ማን እንደሆነ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ያለ ክፍያ የሚሰጠው የወሊድ መከላከያም፣ መርፌውም ሆነ ኪኒኑ ወይም በክንድ የሚቀበረው፣ ከፋይ ነበረው። ዕቃው ከውጭ ይገባል፤ በዶላር ይገዛል፤ ሒሳቡን በአብዛኛው ሲከፍሉ የኖሩት ለጋሾች ናቸው።

በዚህ ዘርፍ የዓለም ትልቋ ለጋሽ የነበረችው አሜሪካ በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ ዕርዳታዋን አገደች። ዩኤስኤአይዲም በዚያው ዓመት ሰኔ 24 ቀን ዕርዳታ መስጠቱን በይፋ አቆመ። ብዙም ሳይቆይ ቤልጂየም መጋዘን ውስጥ የተከማቸ፣ 9.7 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የወሊድ መከላከያ እንዲቃጠል መወሰኑ ተሰማ። ጊዜው ያላለፈበት ደህና ዕቃ! መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያደረገ ጅምላ ነጋዴ ቢኖር ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱት ነበር።

የዚህ ሸቀጥ ዋጋ እንዴት እንደሚወሰን ማየት ለገበያ ሰው ይጠቅማል። በክንድ የሚቀበረው ጃዴል፣ ለአምስት ዓመት የሚያገለግለው፣ ቀድሞ 18 ዶላር ነበር። ጌትስ ፋውንዴሽን፣ ኖርዌይ፣ ስዊድንና ሌሎችም በስድስት ዓመት ውስጥ 27 ሚሊዮን ያህል እንደሚገዛ ለባየር ኩባንያ ዋስ ሆኑ፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ዋጋውን ወደ 8.50 ዶላር አወረደ። ዋጋውን በግማሽ የቆረጠው ልመና ሳይሆን አስተማማኝ ገዢ ነው። ገዢው ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም።

በእኛ በኩል ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር 8.50 ዶላሩ 485 ብር ገደማ ነበር፤ በ130 ብር ቢሰላ 1,105 ብር ይሆናል፤ ማጓጓዣና የባለሙያ ዋጋ ሳይጨመር ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ለአንዲት የጉሊት ቸርቻሪ መነሻ ካፒታሏ ሊሆን ይችላል። ጎመኗን ሸጣ ለማታ ራት የምታስብ እናት ለአምስት ዓመት የሚበቃ ዕቃ በአንድ ጊዜ ከፍላ አትገዛም፤ ሒሳቡ ቢያዋጣት እንኳ ጥሬ ገንዘቡ የላትም።

«ለግሉ ዘርፍ ይተው፣ ነጻ ዕቃ ገበያ ይገድላል» የሚሉ አስመጪዎች አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ሕይወት ትረስት ኮንዶም በየኪዮስኩ በድጎማ ዋጋ ሲሸጥ መኖሩ ትንሽ መክፈል የሚችል እንደሚከፍል ያሳያል፤ አቅም ያለው የከተማ ሰው ፋርማሲ ቢሄድ ችግር የለውም። ነገር ግን ፋርማሲ የሚከፈተው ጥሬ ገንዘብ ባለበት እንጂ መርፌው በሚፈለግበት ገጠር ሁሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ካገቡ ሴቶች መካከል የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት ከመቶ 8 ያህል ነበሩ፤ በ2019 41 ደርሰዋል። ይህን ያህል የተጓዘው በፋርማሲ ሳይሆን በዋናነት በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በነጻ ዕቃ ነው።

እንግዲህ ወጪው ወደ መንግሥት በጀት መግባት አለበት፤ ያውም «ለጋሽ ከተገኘ» በሚል ሳይሆን እንደ ነዳጅና ማዳበሪያ ግዥ አስቀድሞ በተያዘ ብርና በተመደበ የውጭ ምንዛሪ። ይከብዳል? 1 ሚሊዮን ጃዴል በ130 ብር ምንዛሪ 1.1 ቢሊዮን ብር ግድም ነው። የ2018 በጀት ዓመት የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከእያንዳንዱ ሺህ ብር 57 ሳንቲም መሆኑ ነው። ገንዘቡ ሲታወቅ ደግሞ የአገር ውስጥ መድኃኒት አምራችም ቢሆን የሚያሰላበት ነገር ያገኛል፤ አሁን በነጻ ከሚመጣ ዕቃ ጋር ተወዳድሮ ማሽን የሚተክል የለም።

ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም። መከላከያ ከሚጠቀሙት 41 ሴቶች 27ቱ የሚጠቀሙት የሦስት ወሩን መርፌ ነው። ጨረታ ወጥቶ፣ ኤል ሲ ተከፍቶ፣ ዕቃው ተጭኖ ጅቡቲ እስኪደርስና ወደየወረዳው እስኪበተን ስንት ወር እንደሚፈጅ አስመጪ ሁሉ ያውቀዋል። መርፌው ግን በሦስተኛው ወር ያልቃል።