ኔትወርክ በትእዛዝ አይጥፋ



ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ውጥረት በነገሠበት በዚያ ክፉ ቀን በአካባቢያችን ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ሰው የልጁን ደኅንነት ለማወቅ በሚጨነቅበት ሰዓት መሆኑ ነው። በማን ትእዛዝ? በየትኛው አንቀጽ? ለስንት ቀን? መልስ ያገኘ ካለ ይንገረን። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢንተርኔት ውኃ ወይም አየር አይደለም በማለት መዝጋቱ ተገቢ መሆኑን ተናገሩ። ውኃውስ መቼ ሳይቋረጥ ቀርቶ የሚል አይጠፋም።

ነገሩ የዛሬ ብቻ አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል የተዘጋው በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። ሰኔ 2012 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት የመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ጠፋ። ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን የኅዳር 2015ቱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ፣ አብዛኛው ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ከኔትወርክ እንደተቆረጠ ነበር። እንግዶቹ በነፃ ዋይፋይ ስለ ፍትሐዊ ኢንተርኔት ተወያይተው ሄዱ።

ታዳጊ አገሮች በኢንተርኔት አስተዳደር እኩል ድምፅ ይኑራቸው የሚለውን ጥያቄ እኛም እንደግፋለን። የኢንተርኔት ስሞችንና ቁጥሮችን የሚያስተዳድረው አይካን መቀመጫው ካሊፎርኒያ ነው። ባሕር በር የሌላት አገራችን ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር የምትገናኘው በጎረቤቶቿ በኩል ነው። የውጭ ጥቃትም ተረት አይደለም፤ ሰኔ 2012 የመረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ከግብፅ የተነሣ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን ገልጿል። ይሁን እንጂ የገዛ ሕዝቡን ኔትወርክ እንዳሻው የሚያጠፋ መንግሥት በዓለም መድረክ ፍትሕ ቢጠይቅ ማን ይሰማዋል?

ቴሌብር በ2013 ከተጀመረ ወዲህ ጉዳዩ የፌስቡክ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የባለሱቁም የባለባጃጁም ገንዘብ ስልኩ ውስጥ ነው። «ሲስተም የለም» ከተባለ ሱቁ ተዘጋ ማለት ነው።

ስለዚህ ድምፃችሁን ብትሰጡን፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም ባለሥልጣን ኢንተርኔት እንዳይዘጋ የሚከለክል ሕግ እናቀርባለን። ትእዛዙ ቦታውንና ቀኑን ለይቶ ለሕዝብ ይገለጻል፤ ያለ አግባብ ሲዘጋም ለተጎዳው ነጋዴ ካሳ ይከፈላል። የመረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ዜጋውን ከመሰለል ወጥቶ፣ በስልክ ማጭበርበር ገንዘቡን የተዘረፈውን እንዲጠብቅ እናደርጋለን፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሚያዘውም የግል ሕይወት እንዲከበር ነው። ረቂቁን በመጀመሪያው ዓመት ለምክር ቤት እናቀርባለን፤ ሥልጣን ስንይዝ እኛንም እንዲያስር ሆኖ ይጻፋል።