ላም አለኝ በሰማይ፦ ስለ አዲሱ ፕሌይስቴሽን "ግራፊክስ"

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ሰፈሩ ውስጥ ጌም ቤት አለው፤ አራት ፒኤስ4 ደርድሮ ልጆች ያጫውታል። "ቲቸር፣ ዕቁብ ደርሶኛል። አራቱንም ሸጬ፣ የዕቁቡን ብር ጨምሬ ሁለት ፒኤስ5 ፕሮ ላስገባ ነው። ግራፊክሱ ሌላ ዓለም ነው እያሉኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?"

ለእሱ ብቻ መልሼለት ልተወው ነበር። ግን ይኼንኑ ጥያቄ በየቦታው ስለምሰማው እዚህ ላስፍረው። አጭሩ መልሴ፦ አታድርገው። ረጅሙ ይኸውና። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አቋሜ ግልጽ ነው። ግራፊክስ ማደጉን አላቆመም። ያቆመው፣ ዕድገቱ ለዓይን መታየቱ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሻጩ ግን አንድ አድርጎ ይሸጥልናል።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን በ1994 ሲወጣ ዋና ሚሞሪው 2 ሜጋባይት ነበር። በ2000 የመጣው ፒኤስ2 32 ሜጋባይት ያዘ። ፒኤስ3 በ2006 ለሁለት ተከፍሎ በድምሩ 512 ሜጋባይት ደረሰ። ፒኤስ4 በ2013 8 ጊጋባይት ይዞ ብቅ አለ። በግርድፉ አስሉት፤ በየትውልዱ 16 እጥፍ ነው። ከዚያ ፒኤስ5 በ2020 መጣ፦ 16 ጊጋባይት። ሁለት እጥፍ። በቃ። ፈጣን ኤስኤስዲ አለው፣ ጌሙ ቶሎ ይከፍታል፣ ይኼን አልክድም። ግን ያ የጥበቃ ጊዜን አሳጠረ እንጂ ምስሉን ሌላ ዓለም አላደረገውም።

ደግሞስ 16 እጥፍ ቢሆን ኖሮ እናየው ነበር ወይ? ክፍል ውስጥ ክብን በቀጥታ መስመር ስንሠራ ታስታውሳላችሁ? 6 ጎን ስሠራ ሳቃችሁ። 12 ጎን ሳደርገው ክብ መምሰል ጀመረ። በ24 ጎን ተስማማችሁ። ከ48 ወደ 96 ስሄድ ግን ከኋላ ወንበር "ቲቸር፣ ምን ተቀየረ?" የሚል ድምፅ መጣ። የዛሬው የጌም ግራፊክስ ያ የኋላ ወንበር ጥያቄ ላይ ነው ያለው። የተጫዋቹ ፊት የሚሠራው ከትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ነው። ከ100 ወደ 1,000 ስታሳድጉት ሌላ ሰው ይሆናል። ከ10,000 ወደ 100,000 ስታሳድጉት ማሽኑ 10 እጥፍ ይለፋና ጆሮው ትንሽ ይለሰልሳል። እሱንም የምታዩት ጌሙን አቁማችሁ ስክሪኑ ላይ ከተለጠፋችሁ ነው።

"ፎር ኬስ?" ትሉኛላችሁ። ይኼ የዓይን ጉዳይ ስለሆነ በሒሳብ እንየው። ጤነኛ ዓይን የሚለየው ትንሹ ነገር በግምት የአንድ ዲግሪ 1/60ኛ ነው። ባለ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ቲቪ ላይ የአንዷ ነጥብ ስፋት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስታሰሉት፣ ከ1.70 ሜትር በላይ ርቃችሁ ከተቀመጣችሁ ነጥቦቹን ነጥላችሁ አታዩም። ፎር ኬ ደግሞ ነጥቡን ከ2 ሚሊዮን ወደ 8 ሚሊዮን ያሳድገዋል። ማሽኑ አራት እጥፍ ይሠራል፤ ጌም ቤቱ አግዳሚ ላይ ሁለት ሜትር ርቆ የተቀመጠው ልጅ ግን ለውጡን በዓይኑ ሊይዘው ይቸገራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

አሁን ተቃውሞውን እሰማለሁ። "ቲቸር አርጅተዋል፤ ሬይ ትሬሲንግ የሚባል ነገር መጥቷል።" አውቀዋለሁ ልጆቼ። ሐሳቡ እንኳ አዲስ አይደለም፤ ተርነር ዊትድ በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ አሳይቶታል። ማሽኑ ነው አሁን የደረሰበት። ብርሃን በውሃና በመስታወት ላይ እንደ እውነቱ ሲንጸባረቅ ያምራል። ነገር ግን ጌም ሠሪዎች ጥላውንና ነጸብራቁን በብልሃት እያስመሰሉ ስንት ዓመት አኑረውናል። ማስመሰሉን በጣም ስለቻሉበት፣ እውነተኛው ሲመጣ ልዩነቱን የሚያየው ልዩነት የሚፈልግ ሰው ብቻ ሆነ።

ይኼን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የፕሌይስቴሽን ዋና አርክቴክት ማርክ ሰርኒ በመስከረም 2024 ፒኤስ5 ፕሮን ሲያስተዋውቅ፣ ተጫዋቾች "ምስሉ ይመርባችሁ ወይስ ጨዋታው ይፍጠን?" የሚል ምርጫ ሲሰጣቸው ሦስት አራተኛ ያህሉን ጊዜ ፍጥነቱን እንደሚመርጡ ተናግሯል። ልብ በሉ! ገንዘብ የሚከፍለው ሰው ራሱ ውበቱን ትቶ ቅልጥፍናውን መረጠ። ድርጅቱ ደግሞ መልሶ ውበት ይሸጥለታል።

"አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱስ?" ለሚሉኝም መልስ አለኝ። አዲሶቹ ማሽኖች ምስሉን አነስ አድርገው ይሠሩና የጎደለውን ነጥብ በግምት ይሞላሉ። ጥሩ ብልሃት ነው። ግን ይኼ የኔን ክርክር ነው የሚያጠናክረው። ሙሉውን ምስል በጉልበት መሥራት እየከበደ ስለሄደ አይደል ወደ ግምት የተገባው?

ዋጋውን እንየው። ፒኤስ2 አሜሪካ ውስጥ በ2000 በ299 ዶላር ወጣ፤ በ2002 199፣ በ2009 99 ዶላር ገባ። ማሽን እያደር ይረክስ ነበር። ፒኤስ5 ባለ ዲስኩ በ2020 በ499 ዶላር ወጥቶ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ነሐሴ 2025 ላይ ወደ 549 ዶላር ከ99 ሳንቲም ከፍ አለ። አሮጌ ዕቃ ተወደደ! ቺፕን ማሳነስ እንደ ድሮው ወጪ ስለማይቀንስም ጭምር ነው። ፒኤስ5 ፕሮ ደግሞ በ2024 ሲወጣ 700 ዶላር ሊሞላ አንድ ሳንቲም የቀረው፣ የዲስክ ማጫወቻ እንኳ የሌለው ዕቃ ነው። ዲስክ እየተዋዋሰ ለሚሠራ ጌም ቤት ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ሐምሌ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ እዚህ ስንት እንደገባ ለእናንተ አልነግርም።

የሚያናድደኝ ግን ዋጋው ብቻ አይደለም፤ ይኼ የውበት ሩጫ ጌሞቹን ራሳቸውን እየበላ መሆኑ ነው። በፒኤስ2 ዘመን ጂቲኤ 3 በ2001፣ ቫይስ ሲቲ በ2002፣ ሳን አንድሪያስ በ2004 ወጡ። ሦስት ትልልቅ ጌም በአራት ዓመት! ጂቲኤ 5 በ2013 ለፒኤስ3 ወጣ፤ ከዚያ ያው ጌም ለፒኤስ4፣ ያው ጌም ለፒኤስ5 ተሸጠልን። ለምን? እያንዳንዱ ግድግዳ፣ እያንዳንዱ ጫማ በዝርዝር መሠራት ስላለበት ነው። የላስት ኦፍ አስ ሁለተኛው ክፍል ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደፈጀ በ2023 ፍርድ ቤት የቀረበ ሰነድ አሳይቷል። ይኼን ያህል ገንዘብ ያፈሰሰ ሰው አዲስ ሐሳብ አይሞክርም፤ የተሸጠውን ይደግማል። የኳስ ጌሙን እዩት፦ ሣሩ በየዓመቱ ያምራል፣ ተከላካዩ ግን ዛሬም ቆሞ ያያል።

በተቃራኒው የኒንቴንዶው ዊ በ2006 ሲወጣ በጉልበት ከፒኤስ3 እጅግ ያነሰ ነበር። ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ በለጠው። ሰው የገዛው አጨዋወቱን ነው።

ጌም መሥራት ለምትሞክሩ ልጆቼ ይኼ የምሥራች ነው። "ግራፊክሴ አይደርስም" ብላችሁ የዘጋችሁትን ፕሮጀክት ክፈቱት። የቅኔ ጌምስ "ኩኩሉ" በስልክ ላይ የምትሮጥ ዶሮ ናት፤ ማንም ላብ ጠብታዋን አልቆጠረም።

ወደ ጠያቂዬ ልመለስ። አራት ማሽን ላይ ስምንት ልጅ ይጫወታል፤ ሁለት ላይ አራት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብህ። የተበላሹትን ጆይስቲኮች ቀይር፣ መብራት ሲቆራረጥ ማሽኑን የሚያድን ነገር ግዛ፣ ወንበሩን አድስ። የኳስ ጌም ለፒኤስ4 መውጣት ያቆመ ቀን ደግሞ ያገለገለ ባለ ዲስክ ፒኤስ5 ፈልግ። ያኔ የምትገዛው ጌሙ ግድ ስላለህ እንጂ ምስሉ አማልሎህ አይሁን።

መልእክቴን አይቶታል፣ ገና አልመለሰልኝም። ገንዘቡ የራሱ ነው፤ እኔ የማውቀውን ነገርኩት።

የማትስማሙ ኮሜንት ላይ እንገናኝ። ሁለት ምስል ጎን ለጎን አድርጋችሁ እንደምትልኩልኝ አውቃለሁ። ከመላካችሁ በፊት ግን ሁለት ሜትር ራቅ ብላችሁ እዩት።