የስልክ ማስረጃ በፍርድ ሚዛን፦ ሲም ካርዱ የማን ነው? የደወለውስ?

አጋች የማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቀው በስልክ ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ የሚያጭበረብረውም ገንዘቡን የሚቀበለው በስልክ ነው። በመሆኑም ከወረኢሉ እስከ መካነ ሰላም ባለው ደጋ ሰው አይቶ ለመመስከር በሚፈራበት ጉዳይ እንኳ ስልኩ ዱካ ይተዋል። ዱካው መኖሩ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው የማን ዱካ ነው የሚለው ነው።

ዱካው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቴሌኮም ድርጅቱ ዘንድ የሚቀመጠው የጥሪ መዝገብ ሲሆን፣ የትኛው ቁጥር ለየትኛው፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜና በየትኛው የኔትወርክ ማማ በኩል እንደደወለ ያሳያል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ተራው ስልክም ይመዘገባል። ሁለተኛው በራሱ በስልኩ ውስጥ ያለው ነው፦ መልእክት፣ ፎቶግራፍ፣ አንዳንዴም ባለቤቱ ሰረዝኩት ያለው ጭምር። የዲጂታል ፎረንሲክ ባለሙያ ስልኩን ከመሣሪያ ጋር አገናኝቶ ይዘቱን ይቀዳል፤ ምርመራውን የሚያካሂደውም በዋናው ላይ ሳይሆን በቅጂው ላይ ነው። ቅጂው ሲወጣ ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ቁጥር ይመዘገባል። ከይዘቱ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩም ስለሚለወጥ፣ በመካከል የተነካ ነገር መኖሩን ፍርድ ቤት ሊያረጋግጥ ይችላል። ስልኩን የያዘው ሰው ግን እዚያው በቦታው ከፍቶ ከነካካው፣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚጀምረው ከረፈደ በኋላ ነው።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። እንግዲህ የተጭበረበረ ገበሬ «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ከርሞ ከዓመት በኋላ ቢያመለክት መዝገቡ ላይገኝ ይችላል። መልእክቱን ሳይሰርዙ ፈጥኖ ማመልከት ይበጃል። በሌላ በኩል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነትን ምስጢርነት ያስከብራል፤ አዋጁም ለብርበራ የፍርድ ቤት ትእዛዝን ይጠይቃል።

የዱካውን ብርታት ለማየት መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተፈጠረውን ማስታወስ ይበቃል። በሥርዓቱ ላይ በደረሰ ችግር ደንበኞች የሌላቸውን ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉም፤ ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወሰዱ አስታወቀ። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ተመዝግቦ ስለነበር ባንኩ ሰዎቹን በስም ለይቶ ገንዘቡን ለማስመለስ በቃ። ይህ የሆነው ግን ባንክ ደንበኛውን በመታወቂያና በፎቶግራፍ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው።

በገጠር ሲም ካርድ እንዲህ አይደለም። በአባት መታወቂያ የወጣው ሲም በልጅ እጅ ይገኛል፤ ወንድም ለወንድም ያወጣል፤ ስልክ በገበያ ሲሸጥ ሲሙ አብሮ የሚሄድበት ጊዜ አለ። መዝገቡ የሚናገረው የማን ስም እንደተመዘገበ ብቻ ነው። አዋጁ ደግሞ በአንቀጽ 37 የማስረዳት ሸክም የዐቃቤ ሕግ መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ መሠረታዊ ፍሬ ነገሩ ከተረጋገጠ ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ ሲመስለው ሸክሙን ወደ ተከሳሹ ሊያዞር እንደሚችል ያክላል። በዚህ አዋጅ የተከሰሰ አንድ አርሶ አደር፣ ከሁለት ዓመት በፊት ለሌላ ሰው በሰጠው ሲም፣ እኔ አልደወልኩም ብሎ በምን ያስረዳል? በጸሐፊው እምነት ዳኞች ሸክሙን ከማዞራቸው በፊት የሲሙን አጠቃቀም የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ መጠየቅ ይገባቸዋል። ከፋይዳ መታወቂያ ጋር የተያያዘ ምዝገባ ችግሩን ያጠብበዋል እንጂ መዋዋሱን አያስቀርም።

ማማውም የራሱ ጉድለት አለበት። በከተማ ማማዎች ስለሚቀራረቡ የደዋዩ ሰፈር በግምት ይታወቃል። በገጠር ግን አንዱ ማማ ብዙ ቀበሌ ይሸፍናል። በገደል አፋፍ የቆመ ሰው ስልክ ደግሞ ከኋላው ያለውን ቅርብ ማማ ትቶ ሸለቆውን ተሻግሮ ፊት ለፊት ከሚታየው ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ ከቦረና በኩል ወደ አባይ ቁልቁል የሚያይ ሰው የጎጃም ማማ ቢይዝለት አያስገርምም። «በዚያ ሰዓት በዚያ ወረዳ ነበር» የሚለው ድምዳሜ ስለዚህ መመርመር አለበት።

አባቶቻችን ሌባ ሻይን ያውቁታል። መድኃኒት የጠጣው ልጅ ተንገዳግዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ተቆጥሮ ዕዳ ይከፍል ነበር፤ ልጁን ማንም መስቀለኛ ጥያቄ አይጠይቀውም። የዛሬው መሣሪያ በሳይንስ የቆመ ነውና ንጽጽሩ ሩቅ ነው፤ ነገር ግን ውጤቱን ያለ ጥያቄ የሚቀበል ችሎት ወደዚያው ይጠጋል።

ጥያቄውን ማን ያቅርብ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ እንዲመለከት፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም አጥቶ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነም መንግሥት እንዲያቆምለት ይፈቅዳል። ስለዚህ ስልኩ መቼ፣ በማን እጅ እንደተያዘ፣ በማን ትእዛዝ እንደተከፈተ፣ የቅጂው መለያ ቁጥር በመዝገቡ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ተከሳሹ ወይም ጠበቃው በችሎት ፊት መጠየቅ ይችላል።