የአባት መጻሕፍት በኪሎ?

አርባው ሳይወጣ የመጽሐፍ ደላላ በር ያንኳኳል። እኛ የኮንዶሚኒየም ልጆች፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ የአባትን መደርደሪያ የምናስገባበት ግድግዳ የለንም። ስለዚህ መሸጡ ነውር አይደለም። ነውሩ ሳያዩ በኪሎ መሸጥ ነው!

እስቲ አስቡት፤ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተለቀመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የመጀመሪያ እትም ከአሮጌ የሒሳብ መማሪያ ጋር እኩል ሚዛን ላይ ሲወጣ!

መጀመሪያ ርዕሱንና የታተመበትን ዓመት እንመዝግብ። ገጽ በገጽ እንግለጥ፤ መሐሉ የተረሳ ደብዳቤ፣ ዳር ላይ በአባት እጅ የተጻፈ ማስታወሻ ይኖራል። እሱ ያለበትን ለራሳችን እናስቀር። ብርቅ የመሰለንን ስድስት ኪሎ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ለወመዘክር እናሳይ። ለተረፈው ሁለት ሦስት የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ዋጋ ይስጡበት። ዕድሜ ልክ የተሰበሰበ በአንድ ቅዳሜ አይበተንማ!