የአነስተኛ ውርርድ ፖከር፦ ገንዘብን ከፋፍሎ መጫወት ከኪሳራ ያድናል?

በአውሮፓውያኑ 2006 ክሪስ ፈርግሰን የተባለ አሜሪካዊ የፖከር ተጫዋች ከኪሱ አንድ ዶላር ሳያወጣ፣ ከባዶ ተነስቶ 10 ሺህ ዶላር ለመድረስ ራሱን ፈተነ። ፈርግሰን ጀማሪ አልነበረም። በኮምፒውተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ያለውና በ2000 የዓለም የፖከር ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። መግቢያቸው ነጻ በሆኑ የበይነ መረብ ውድድሮች ጀምሮ ካሰበው ለመድረስ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ፈጅቶበታል።

ሙከራው እስከ ዛሬ የሚወሳው ግን በተገኘው ገንዘብ ሳይሆን ፈርግሰን ለራሱ ባወጣው ሕግ ነው። ብዙ ሰው በሚሳተፍበት ውድድር ለአንድ መግቢያ በእጁ ካለው ገንዘብ ከ2 በመቶ በላይ አይከፍልም፤ በሌሎች ጨዋታዎች ደግሞ ከ5 በመቶ አያልፍም። ከሕጉ ውጭ የተዋቸው ክፍያቸው እጅግ አነስተኛ የሆኑትን ብቻ ነበር። ሲያሸንፍ ወደ ትልቁ ጠረጴዛ ይወጣል፤ ሲሸነፍ ያለ ሐፍረት ወደ ታች ይወርዳል። ተጫዋቾች ‘ባንክሮል’ የሚሉት ይህንኑ ገንዘብ ነው፦ ከቤት ወጪ ተለይቶ ለጨዋታ ብቻ የተቀመጠ፣ ቢያልቅም ኑሮን የማያናጋ ገንዘብ።

ይህ ምክር ከፖከር ጠረጴዛ ከወጣ ቆይቷል። ዛሬ በናይሮቢም ሆነ በካምፓላ ስልኩን ይዞ በእግር ኳስ ውጤት ለሚወራረደው ወጣት የሚነገረው ይኸው ነው፦ ገንዘብህን ከፋፍለህ ተጫወት፣ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አታስይዝ። ምክሩ ሐሰት አይደለም። የሚሠራው ግን መነሻዎቹ ሲሟሉ ነው፤ ስለ መነሻዎቹ የሚናገር ሰው ደግሞ እምብዛም አይገኝም።

ሃያ ጊዜ በተከታታይ መሸነፍ

በበይነ መረብ የሚካሄድ አነስተኛ የፖከር ውድድር የመግቢያ ዋጋው ብዙውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። መግቢያው 1 ዶላር ከ10 ሴንት ነው እንበል፤ በኬንያ ገንዘብ 140 ሽልንግ ገደማ መሆኑ ነው። 1 ዶላሩ ወደ ሽልማቱ ቋት ይገባል፤ 10 ሴንቱን አጫዋቹ ድርጅት ይወስዳል። 500 ሰው ቢሳተፍ ሽልማት የሚደርሳቸው 75 ያህሉ ይሆናሉ። ከእነዚህም የሚበዙት የሚያገኙት ከከፈሉት እጥፍ እምብዛም አይበልጥም። ወፍራሙ ገንዘብ የሚደርሰው እስከ መጨረሻው ለሚዘልቁ ጥቂት ሰዎች ነው።

ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋችም ቢሆን አብዛኛውን ቀን ተሸንፎ ነው የሚያድረው። ከ100 ውድድሮች በ15ቱ ሽልማት የሚያገኝ ሰው ቀጣዮቹን 20 ውድድሮች በሙሉ ባዶ እጁን የመጨረሱ ዕድል 4 በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። 500 ውድድሮችን ለሚጫወት ሰው ግን እንዲህ ያለው የሃያ ሽንፈት ሰንሰለት ቢያንስ አንድ ጊዜ የማጋጠሙ ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ነው። የሃያ መግቢያ ገንዘብ ብቻ ይዞ የጀመረ ሰው አንዳችም ስህተት ሳይሠራ ከጨዋታ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ቢያንስ የ100 መግቢያ ገንዘብ፣ ተሳታፊው በሺዎች ሲቆጠር ደግሞ ከዚያም በላይ መያዝ ያስፈልጋል የሚሉት ለዚህ ነው። በምሳሌያችን 110 ዶላር፣ ወደ 14 ሺህ የኬንያ ሽልንግ ይሆናል። ‘አነስተኛ ውርርድ’ የሚለው ስም የአንዱን መግቢያ ዋጋ ብቻ እንደሚናገር እዚህ ላይ ይታያል።

ቀመሩ ‘ዜሮ’ ሲል

ባንክሮልን በጥንቃቄ መያዝ የዕድልን መዋዠቅ ለመቋቋም ያስችላል እንጂ የሚያከስር ጨዋታን ወደ አትራፊነት አይለውጥም። ከተፎካካሪዎቹ ያልተሻለና ያላነሰ መካከለኛ ተጫዋች በአማካይ 1 ዶላር ከ10 ሴንት ከፍሎ 1 ዶላር ይመለስለታል። 110 ዶላር ይዞ በቀን አራት ውድድር ቢጫወት በ250 ቀናት 1,000 ውድድሮችን ያጠናቅቃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በጠቅላላው 1,100 ዶላር ከፍሎ 1,000 ዶላር ተቀብሏል። ከመነሻው ገንዘብ የቀረው 10 ዶላር ነው። በአንድ ምሽት ቢያጠፋው ኖሮ ምናልባት ተናዶ ይተወው ነበር፤ ስምንት ወር ተከፋፍሎ ሲሄድ ግን መሄዱን ልብ ያላለው ሊሆን ይችላል። ቁጥብነቱ ያተረፈው ነገር ቢኖር የመጫወቻ ጊዜ ነው።

ያም ሆኖ ፖከር ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለው። ተጋጣሚው ሌላ ተጫዋች ስለሆነ በችሎታ የሚበልጥ ሰው ያችን 10 ሴንት ሸፍኖ ሊያተርፍ ይችላል። ብዙዎቹ አይችሉም፤ የተቻላቸው ግን አሉ። በምሥራቅ አፍሪካ ከዳር እስከ ዳር በተስፋፉት የስልክ ውርርዶች ተጋጣሚው ራሱ ድርጅቱ ነው። በእግር ኳስ ውርርድ ኦዱን የሚተምነው እርሱ ነው፣ ትርፉንም አስቀድሞ ያካትታል። አውሮፕላኑ ከመሰወሩ በፊት ገንዘብን ማውጣት በሚጠይቀው ‘አቪዬተር’ ውስጥ ደግሞ ሊሻሻል የሚችል ችሎታ የለም።

በ1956 ጆን ኬሊ የተባለ የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪ አንድ ተወራራጅ ከገንዘቡ ስንት እጁን ማስያዝ እንዳለበት የሚያሰላ ቀመር አሳትሞ ነበር። ዛሬም ገንዘብን ስለ መከፋፈል የሚጽፉ ሰዎች ይጠቅሱታል። በዚሁ ቀመር መሠረት ተወራራጁ ከተጋጣሚው የሚልቅበት ነገር ከሌለው ማስያዝ ያለበት ገንዘብ ዜሮ ነው። ይህ የቀመሩ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ አይጠቀስም።

ታክሱ ከውርርድ ወደ ዋሌት

በኬንያ ይህን ሒሳብ በቅርቡ የለወጠው መንግሥት ነው። እስከ 2025 አጋማሽ ኤክሳይስ ታክስ የሚከፈለው በእያንዳንዱ ውርርድ ላይ ነበር። መጠኑ በ2023 ከ7.5 ወደ 12.5 በመቶ፣ በ2024 መጨረሻ ደግሞ ወደ 15 በመቶ አድጓል። ገንዘቡን በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ለሚያንቀሳቅስ ሰው ይህ ከባድ ነበር፤ ያው ገንዘብ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይቀረጣልና።

ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ታክሱ ገንዘቡ ወደ ተጫዋቹ ዋሌት ሲገባ 5 በመቶ፣ ከዋሌቱ ሲወጣ ደግሞ 5 በመቶ ሆኗል። በአሸናፊው ገቢ ላይ ይጣል የነበረው 20 በመቶ ቀርቷል። ለተጫዋቹ እፎይታ መሆኑ አይካድም። ይሁንና 10 ሺህ ሽልንግ ያስገባ ሰው ዋሌቱ ላይ የሚያገኘው 9,500 ነው፤ ሐሳቡን ቀይሮ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቢያወጣው እጁ ላይ 9,025 ይቀራል። በሩ ላይ ሲገባም ሲወጣም የሚከፈልበት ቤት ሰውን ውስጥ እንዲቆይ ያደርገዋል። አዲሱ አሠራር ተጫዋቹ ያገኘውን ወደ ቤቱ ከመውሰድ ይልቅ ድርጅቱ ዘንድ እንዲተወው ይገፋፋል።

በነሐሴ 2025 የጸደቀውና የ1966ቱን ሕግ የተካው የኬንያ የቁማር ቁጥጥር ሕግ በበይነ መረብ ከ20 ሽልንግ በታች መወራረድን ከልክሏል። ዓላማው በሳንቲም የሚደረገውን ውርርድ መግታት ነው። በፈርግሰን የ2 በመቶ ሕግ ሲለካ ግን 20 ሽልንግ የሚያስይዝ ሰው 1,000 ሽልንግ ሊኖረው ይገባል። 200 ሽልንግ ያለው ሰው በዝቅተኛው ውርርድ የገንዘቡን አንድ አሥረኛ በአንድ ጊዜ ያስይዛል። ድሃው እንዲጠነቀቅ ይመከራል፣ የሚጠነቀቅበት ቁጥር ግን አልተተወለትም።

በአሜሪካ የሚኖሩ የፖከር ተጫዋቾችም ተመሳሳይ ለውጥ ገጥሟቸዋል። በሐምሌ 2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከ2026 ጀምሮ ከገቢ ላይ የሚቀነሰው የቁማር ኪሳራ 90 በመቶው ብቻ ነው። በዓመቱ 10 ሺህ ዶላር አግኝቶ 10 ሺህ ዶላር የከሰረ ሰው ባላተረፈው 1,000 ዶላር ላይ ግብር ሊጠየቅ ይችላል።

ገንዘቡ የማን ነው?

ወደ ፈርግሰን እንመለስ። ሙከራውን ያካሄደው ‘ፉል ቲልት’ በተባለው የፖከር ድረ ገጽ ላይ ሲሆን እርሱ ራሱ ከባለድርሻዎቹና ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ነበር። በሚያዝያ 2011 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በሦስት ትላልቅ የፖከር ድረ ገጾች ላይ ክስ መሠረተ። ሰኔ ላይ ለፉል ቲልት ፈቃድ የሰጠችው ትንሿ የኦልደርኒ ደሴት ፈቃዱን አገደች። በመስከረም የቀረበው የተሻሻለ የፍትሐ ብሔር ክስ እንዳመለከተው ኩባንያው ለተጫዋቾቹ ወደ 390 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ሲኖርበት ባንክ ውስጥ የነበረው 60 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ክሱ ፈርግሰንንም በስም የጠቀሰ ሲሆን በኋላ በስምምነት ሲዘጋ እርሱ ጥፋተኝነቱን አላመነም።

ከዓለም ዙሪያ ለአንድ መግቢያ ከ2 በመቶ በላይ ሳያወጡ በጥንቃቄ የቆጠቡ ተጫዋቾች ገንዘባቸው በስክሪን ላይ የሚታይ ቁጥር ብቻ ሆኖ ቀረ። ከአሜሪካ ውጭ ያሉት እስከ ኅዳር 2012፣ አሜሪካ ያሉት ደግሞ እስከ 2014 ጠብቀዋል፤ ያገኙትም ተፎካካሪው ‘ፖከርስታርስ’ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በደረሰበት የ731 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ነው። ፖከርስታርስ ፈቃዱን ያወጣው የደንበኞች ገንዘብ ከኩባንያው ገንዘብ ተለይቶ እንዲቀመጥ በምታስገድደው አይል ኦፍ ማን ስለነበር በዚያው 2011 ለአሜሪካ ደንበኞቹ በሳምንታት ውስጥ መክፈል ጀምሮ ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው የተጫዋቾቹ ቁጥብነት ሳይሆን የአንዲት ደሴት ደንብ ነው።

ኬንያም በሐምሌ 2019 በታክስ ውዝግብ የ27 ውርርድ ድርጅቶች የሞባይል ክፍያ መስመር እንዲቋረጥ ባዘዘች ጊዜ ጥያቄው ተነስቶ ነበር። አሁን ታክሱ ራሱ ገንዘብን ዋሌት ውስጥ ለማቆየት የሚገፋፋ በመሆኑ ዋሌቱ በማን ስምና በየትኛው ባንክ እንደሚቀመጥ ማወቅ ከበፊቱ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። በአገሩ ፈቃድ የሌለው የውጭ ድረ ገጽ ላይ ለሚጫወት ሰው ደግሞ አቤት የሚባልበት ቢሮ ጭራሹኑ የለም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን ገንዘቡ በስልኩ ውስጥ ያለበት ሁኔታ ነው። ዕቁብ የሚጥል ሰው የዕቁቡን ብር በፖስታ ለይቶ ያስቀምጣል፤ የሚጠብቁትም ሰዎች አሉት። በሞባይል ገንዘብ ሒሳብ ውስጥ ደመወዙ፣ የቤት ኪራዩ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያውና ለመጫወቻ የታሰበው አንድ ላይ ተደባልቀው ነው የሚቀመጡት። በኬንያ ከ2019 ወዲህ ሒሳቡ ሲጎድል ቀሪውን በብድር የሚሞላው ‘ፉሊዛ’ አለ። በኢትዮጵያም ቴሌብር በ2022 ለክፍያ የሚጎድለውን የሚሞላ ተመሳሳይ አገልግሎት ጀምሯል፤ ስሙም ‘እንደኪሴ’ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ጨዋታው ያበቃል የሚለው የባንክሮል የመጀመሪያ ሕግ ብድር እንዲህ ሲቀርብ የሚቆምበት መሬት ያጣል።

ዑጋንዳ በ2016 ባወጣችው ሕግ ከ25 ዓመት በታች ያሉትን ከቁማር አግዳለች፤ የብድሩን ጥያቄ ግን ዕድሜ አይመልሰውም። ብሪታኒያ ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በክሬዲት ካርድ ቁማር መጫወትን ከልክላለች። በዚያች አገር ተጫዋቹ ለራሱ ያስቀመጠውን የማስገቢያ ገደብ ዝቅ ሲያደርግ ወዲያው ይጸናል፤ ከፍ ለማድረግ ሲፈልግ ግን ቢያንስ 24 ሰዓት መጠበቅ አለበት።