«በሕግ አምላክ» የሚባለው ለማን ነው?

ቀድሞ በአገራችን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ፣ ደካማው «በሕግ አምላክ!» ካለ ጉልበተኛው ይቆም ነበር። ለመሆኑ በሌሊት በር ለሚደበድበው ፖሊስ «በሕግ አምላክ» ቢባል ይቆማል ወይ?

ሕግ ስለሌለን ነው የሚለውን መልስ አልቀበልም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ እንዲደረግ ደንግጓል፤ ፖሊስ ተጠርጣሪን በማስፈራራትም ሆነ በማባበል ቃል እንዳይቀበል ከልክሏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ሊቀርብ እንደሚገባው፣ ተገዶ የሰጠው ቃልም ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል። ያም ሆኖ ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ ስሙ ከግርፋት ተለይቶ አልተጠራም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ደግሞ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ድንገተኛ ብርበራ እንዲደረግ፣ ተጠርጣሪም ለምርመራ እስከ 4 ወር እንዲታሰር ፈቀደ። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. ተሽሮ በሌላ ተተካ፤ ልማድ ግን በአዋጅ አይሻርም።

ታዲያ ጉድለቱ የት ላይ ነው? ሕገ መንግሥቱ በግድ የወጣን ቃል ውድቅ ሲያደርግ፣ በሕገ ወጥ ብርበራ ስለተገኘ ዕቃ ግን ዝም ይላል። ያለ ትእዛዝ የገባ ፖሊስ ያገኘውን ይዞ ችሎት የሚቀርብ ከሆነ፣ ክልከላው ምክር እንጂ ሕግ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1961 እ.ኤ.አ. በማፕ እና በኦሃዮ ክርክር፣ እንዲህ ያለ ማስረጃ በክፍላተ ግዛት ፍርድ ቤቶችም እንዳይቀርብ የወሰነው ይህን ተረድቶ ነው። የእኛም ሕገ መንግሥት ይህን ቃል ሊናገረው ይገባ ነበር።

«ወንጀለኛ ያመልጣል» ይሉናል። አዎን፣ አንዳንዱ ያመልጥ ይሆናል። ነገር ግን ዱላ ከንጹሑም ከአጥፊውም የሚያወጣው አንድ ዓይነት ቃል ነው፤ ንጹሑ ባመነ ቀን እውነተኛው አጥፊ አመለጠ።

እኛም በስደት ያለን ራሳችንን እንመርምር። በምዕራቡ ዓለም የምንኖር፣ ፖሊስ ደጃችን ቢቆም «ትእዛዝ ይዘሃል ወይ?» ለማለት አናፍርም። አገር ቤት ግን የምንጠላው ሰው ቤት ሲበረበር ዝም ብለን፣ የምንወደው ሲያዝ ብቻ የምንጮህ ከሆነ፣ ጩኸታችን ስለ ሕግ ሳይሆን ስለ ወገን ነው። መንግሥት ሲለወጥ በር የሚደበድበው እጅ ይለወጣል እንጂ ድብደባው አይቀርም። ስለዚህ ለባላንጣችንም ጭምር «በሕግ አምላክ» እንበል።