ዲናሞው ሞተ ከማለት በፊት

ከዲላ ተነሥቶ በወናጎና በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ ገደብ የሚዘልቅ መንገደኛ ወርቃ ሲደርስ፣ ወቅቱ የቡና ለቀማ ከሆነ፣ ዐይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው እሸት ቡና በተጫነበት መኪና ላይ ነው። ገበሬው ቀኑን ሙሉ ሲለቅም ውሎ የሚያስረክበው ወደ ማታ ስለሆነ፣ መኪናውም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። እሸት ቡና ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ሳይፈለፈል ካደረ በጆንያው ውስጥ እንዳለ ይብላላል፤ ጣዕሙም ዋጋውም ይወድቃል።

እንግዲህ በዚህ ሰዓት በሾፌሩ ፊት የባትሪ ምልክት ያለባት ቀይ መብራት ቦግ ብትል ምን ይሆናል? ሒሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዳቸው 60 ዋት የሆኑ ሁለት የፊት መብራቶች በ12 ቮልት ባትሪ ላይ 10 አምፔር ይጠጣሉ። 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ አዲስ ባትሪ በወረቀት ላይ ስድስት ሰዓት ይችላቸዋል፤ ያረጀ ባትሪ ግን ግማሹንም ላይደርስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ጨለማ፣ ጭቃ፣ ገፊ ፍለጋ!

በማግሥቱ የሚሰማው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው፤ «ዲናሞው ሞቷል፤ ሌላ ይገዛ» ይባላል። እኔ ግን ይህ ፍርድ ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ነው እላለሁ። ብዙ ጊዜ ያለቀው ዲናሞው ሳይሆን፣ ባለሙያዎች ካርቦን የሚሏት፣ ከጣት ጫፍ የማትበልጥ የከሰል ቁራጭ ናት።

ነገሩ እንዲገባን ወደ ዕቃው ውስጥ እንመልከት። ዛሬ በመኪና ላይ ያለው ዕቃ ትክክለኛ ስሙ አልተርኔተር ነው፤ እኛ ግን በአሮጌው ስም ዲናሞ እንለዋለን፤ እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ። በጥንቱ ዲናሞ የሚመነጨው ኤሌክትሪክ በሙሉ በካርቦኖቹ በኩል ያልፍ ስለ ነበር ቶሎ ያልቁ ነበር። የሲሊኮን ዳዮድ ከመጣ በኋላ ግን የአሜሪካው ክራይስለር ኩባንያ ለ1960 እ.ኤ.አ. ባወጣት ቫሊያንት በተባለች መኪናው ላይ አልተርኔተርን መደበኛ ዕቃ አደረገው። በዚህ ዕቃ ሥራው ተገለበጠ። ማግኔቱ በመካከል ይሽከረከራል፤ ኃይሉ የሚወጣው በዙሪያው ቆሞ ካለው የመዳብ ጥምጥም ነው። ካርቦኖቹ የሚያሻግሩት ማግኔቱን የሚያነቃውን ጥቂት አምፔር ብቻ ነው። ስለዚህም ዕድሜያቸው ረዘመ፤ ዕድሜያቸው ስለ ረዘመም ተረሱ።

ረጉሌተር የሚባለው ደግሞ የመስኖ ቦይ እንደሚጠብቅ ሰው ነው። ቮልቱ ከፍ ሲል ወደ ማግኔቱ የሚሄደውን ይዘጋል፤ ዝቅ ሲል ይከፍታል፤ ይህንንም በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋግመዋል። ዛሬ በብዙዎቹ ዲናሞዎች ረጉሌተሩና የካርቦኖቹ ቤት አንድ ላይ ተሠርተው በጀርባ በኩል በሁለት ወይም በሦስት ብሎን ይታሰራሉ።

ለመፍታት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የባትሪውን ኔጋቲቭ ያውልቅ፤ ወደ ዲናሞው የሚመጣው ወፍራሙ ሽቦ ቁልፉ ቢነቀልም ኃይል አይለየውምና። ካርቦኗ ከቤቷ ወጥታ የምትታየው ርዝመት ከ5 ሚሊ ሜትር ካነሰች ብትለወጥ ይሻላል። ካርቦኖቹ የሚሄዱባቸው ሁለት የመዳብ ቀለበቶች ከጠቆሩ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋሉ እንጂ ዘይት አይቀቡም። ቀለበቱ በጥልቁ ከተቦረቦረ ግን አዲስ ካርቦን ብቻውን አያድነውም።

አዲሷን ካርቦን በስታኞ የሚበይድ ሰው አንድ ነገር ያስተውል። የካርቦኗ ጭራ ከቀጫጭን የመዳብ ክሮች የተጎነጎነ ነው፤ ስታኞው በክሮቹ መካከል ሠርጎ ከሄደ ጭራው እንደ ምስማር ይደርቃል፤ ካርቦኗም ከሞላዋ ጋር መውጣትና መግባት ይሳናታል። ስለዚህ ከሥሩ በፒንሳ ይዞ በፍጥነት መበየድ ነው። በአንዳንድ ዲናሞዎች ካርቦኖቹ ወደ ኋላ ተገፍተው በቀጭን ሽቦ ይያዛሉ፤ ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ ሽቦው ይሳባል። የረሳው ሰው ዲናሞውን ገጥሞ ኃይል ያጣል። እንደዚሁም ከብሎኖቹ መካከል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ እጅጌ የለበሰ ካለ፣ ቦታውን ምልክት ማድረግ ይገባል፤ ከሌላው ጋር ቢለዋወጥ ካርቦኗ ከመኪናው ገላ ጋር ትገናኛለች፤ ማግኔቱም ልጓም አጥቶ ቮልቱ ይጋልባል፤ ባትሪውም ይፈላል።

የረጉሌተር ዓይነትም ሁለት ነው። አንዱ ማግኔቱን በፖዘቲቭ በኩል ይቆጣጠራል፤ ሁለተኛው በኔጋቲቭ በኩል። መልካቸው ቢመሳሰልም አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ የ12ቱም ለ24ቱ አይሆንም። ስለዚህ ዕቃ ለመግዛት ዲላ የሚወርድ ሰው አሮጌውን ይዞ ቢሄድ ከቃል መግለጫ ይሻላል። በሶኬቱ አጠገብ ከተጻፉት ፊደላት «ኤል» የሚለው ወደ ቀይዋ መብራት፣ «አይ ጂ» ወደ ቁልፉ፣ «ኤስ» የባትሪውን ቮልት ወደሚለካው ሽቦ ነው። ቀይዋን መብራት አትናቋት፤ በብዙ መኪናዎች ማግኔቱን መጀመሪያ የሚያነቃው ኃይል የሚመጣው በእርሷ በኩል ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች ጤነኛ ዲናሞ ሳይነቃ ይቀራል፤ ሾፌሩም መብራቷ ስላልበራች ደኅና ነኝ ብሎ ይሄዳል።

አንድ ልማድ ግን ያናድደኛል፤ ይኸውም ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» ማለት ነው። ባትሪው ድንገት ሲለይ ቮልቱ በቅጽበት ይዘላል፤ ዳዮዶቹንና አዲሱን ረጉሌተር ሊያቃጥል ይችላል። ቴስተር ካለ ይህ ሁሉ ለምን? ሞተሩን አስነሥቶ፣ መብራቱን አብርቶ በባትሪው ጫፎች ላይ መለካት ነው። በ12 ቮልት መኪና ከ13.8 እስከ 14.5፣ በ24 ቮልት የጭነት መኪና ከ27.5 እስከ 29 አካባቢ ካሳየ ሥራው ተፈጽሟል። ከ15 ወይም ከ30 ካለፈ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፤ ብሎኖቹና ረጉሌተሩ እንደገና ይመርመሩ። ከ12 ወይም ከ24 በላይ አልወጣ ካለ ግን ገና ዲናሞውን አትኰንኑት፤ ቺንጋው ላልቶ ይሆናል። ስለ ቺንጋውና ስለ ኩሽኔታው በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።